አክበርን በሃይማኖቱ ሳይሆን በሕጉ አስታውሱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሕንዱ ሙስሊም ንጉሥ ስለ አክበር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው፣ ንጉሡ እስልምናን፣ ሂንዱይዝምን፣ ክርስትናንና ሌሎቹንም ቀላቅሎ «ዲን ኢ ኢላሂ» የሚባል እምነት ስላቋቋመ ሕዝቡ ተቻችሎ ኖረ ይላሉ። መቻቻሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

እስቲ ዓመቶቹን እንያቸው (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው)። አክበር የሂንዱ ተሳላሚዎችን ቀረጥ ያስቀረው በ1563 ነው። ሙስሊም ያልሆነው ሁሉ ይከፍል የነበረውን ጂዝያ ደግሞ በ1564 አነሳ። አዲሱ እምነት የመጣው በ1582 ነው፤ ያኔ ሂንዱው ያለ ቀረጥ መሳለም ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ደግሞስ ስንት ሰው ገባበት? ስማቸው የሚታወቀው ተከታዮች ሃያ እንኳ አይሞሉም። ከሂንዱዎቹ የንጉሡ ባለሟል ቢርባል ብቻ ነው። የሚገባው ሰው እሁድ እኩለ ቀን ላይ ጥምጣሙን በእጁ ይዞ ራሱን ንጉሡ እግር ላይ ያደርጋል። ለንጉሥ መታመን እንጂ ሕዝብን አንድ የሚያደርግ ነገር አይታየኝም።

የጦር አዛዡን ማን ሲንግንም ግባ ብሎት ነበር። የዘመኑ ጸሐፊ ባዳዩኒ እንደሚተርከው፣ ነገሩ ሕይወትን መስጠት ከሆነ ሕይወቴ ድሮም የእርስዎ ናት፣ ሃይማኖት ከሆነ ግን እኔ ሂንዱ ነኝ፣ ካዘዙኝ እሰልማለሁ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መንገድ አላውቅም ብሎ መለሰ። ንጉሡም ተወው። ሹመቱም አልተነካበትም። እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ሰው ንጉሥ ፊት ቆሞ እምቢ ብሎ በሰላም ቤቱ ገባ!

የእኛንም አንርሳ። በሕንድ ካለችው የፖርቱጋሎች ከተማ ከጎዋ ሄደው አክበር ግቢ ስለ እምነት የተከራከሩት ካህናት የካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር (ጀስዊቶች) ሰዎች ናቸው፤ ይኸው ማኅበር ወደ እኛም ሰዎች ልኮ ነበር። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ጫኑ፤ ስንት ሰው ካለቀ በኋላ በ1632 የሕዝቡን ሃይማኖት መለሱ። አክበር የራሱን እምነት በማንም ላይ በአዋጅ አልጫነም።

በ1605 ሲሞት እምነቱ አብሮት ከሰመ። የጂዝያው መነሳት ግን በልጁም በልጅ ልጁም ዘመን ጸንቶ፣ የልጅ ልጁ ልጅ አውራንግዜብ ግብሩን በ1679 እስኪመልሰው ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሃይማኖት መቀላቀልን ለወጣት አንባቢ እንደ ፍቱን መድኃኒት አታቅርቡለት። ኦርቶዶክሱንም ሙስሊሙንም እምነትህን ቀላቅል ብሎ ማንም ሊጠይቀው አይገባም። በሚቀጥለው ዕትም ያንኑ ያህል ቦታ ለ1564ቱ ሕግ ስጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ