የማራቶኑን ኤል ዋፊ በአማርኛ እንተርከው፦ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖች፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ከሱ 32 ዓመት በፊት አንድ አልጄሪያዊ የኦሎምፒክ ማራቶንን እንዳሸነፈ ስንቶቻችን ሰምተናል? ቡጌራ ኤል ዋፊ ይባላል። ታሪኩን በአማርኛ በድምፅ ተርከን ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ በነፃ ልንለቀው ነው፣ ስክሪፕቱ አልቋል፣ የቀረው ቀረፃው ነው።

ሰውየው እኤአ በ1898 ቢስክራ አካባቢ ተወለደ፣ አልጄሪያ ያኔ በፈረንሳይ ስር ስለነበረች በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ፣ በ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን 7ኛ ወጣ፣ ከዛ ሬኖ መኪና ፋብሪካ እየሰራ ቆይቶ በ1928 አምስተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ፣ የቺሊውን ማኑዌል ፕላሳን የቀደመው በ26 ሰከንድ ብቻ ነው። የተሰቀለው ባንዲራ ግን የፈረንሳይ ነበር።

አንጀት የሚበላው ከዛ በኋላ ያለው ነው። አሜሪካ ሄዶ በገንዘብ ስለሮጠ አማተር (ያለ ክፍያ የሚወዳደር) አይደለህም ተብሎ ከውድድር ታገደ (በፋብሪካ ደሞዝ የሚኖርን ሰው በነፃ ሩጥ ማለት ግፍ ነው፣ እኔ ሌላ ቃል የለኝም)፣ ፓሪስ የከፈተው ካፌም አልዘለቀም፣ ደኸየ፣ ተረሳ። በ1956 እንደሱ አልጄሪያ የተወለደው አላን ሚሙን ሜልቦርን ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ነው ስሙ እንደገና የተነሳው፣ በጥቅምት 1959 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ ሴን ደኒ ውስጥ በጥይት ተገደለ። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ከዛ ዓመት ሳይሞላ ነው፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ያንን ያይ ነበር።

ብሩ የሚውለው ለስቱዲዮ ኪራይ፣ ለተራኪና ለኤዲተር ነው፣ ከሁሉም የሚከብደን ግን የድሮ ፎቶዎቹን ለመጠቀም የሚጠየቀው ክፍያ ነው። እኛ የጻፍነውም ያስተባበርነውም በነፃ ነው፣ አንድ ሳንቲም አንወስድም። አገር ቤት ያላችሁ በቴሌብር፣ ውጭ ያላችሁ በጎፈንድሚ፣ 50 ብርም ብትሆን ትልቅ ነገር ናት፣ የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ እዚሁ እንለጥፋለን። ከተረፈ በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ማራቶን ለሮጡት ደቡብ አፍሪካውያን ለሌን ታውንያኔና ለጃን ማሺያኒ ክፍል ይሆናል።

ገንዘብ ያልቻላችሁም አላችሁ፣ በተለይ ፈረንሳይ ያላችሁና የዛን ዘመን ጋዜጣ አንብባችሁ ልትተረጉሙልን የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሱም ከብሩ እኩል ያስፈልገናል።