ለታፔላችን የሚሆን ፊደል ይሠራልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ፊደል ነው። ታፔላ ላይ ስለሚጻፈው ወፍራም ፊደል።

ወንድሜ ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ላይ ዳቦ ቤት ከፈተ። ታፔላው የድሮ መልክ ይኑረው ብሎ አንድ ባነር የሚያትም ቤት ሄድን። እንግሊዝኛው አምሮ ወጣ። ደማቅ፣ ጌጠኛ፣ ላይና ታቹ ደልደል ያለ ባለ አራት ማዕዘን እግር። እንዲህ ያለው ፊደል እንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለማስታወቂያ የወጣ ነው፤ ክላረንደን የሚባለው ታዋቂ የፊደል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ውስጥ ተሠራ። ከሩቅ ዓይን እንዲይዝ ታስቦ ስለተሠራ ዛሬም ከመንገድ ማዶ ይነበባል። አማርኛውስ? ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀጭን ፎንት ወስደው «ቦልድ» የሚለውን ተጫኑት፣ በቃ። የ«ቤ» ቀለበት ተደፈነና «ዳቦ ቢት» የሚል ታፔላ ተረከብን።

መለስነው። ልጁ ቅን ነው፣ የእንግሊዝኛውን እግር ቆርጦ ከአማርኛው ሥር ለጠፈልን። ጭራሽ ባሰበት! በእኛ ፊደል እግር ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ድምፅም ነው። «በ» ቀኝ እግሩ ላይ ትንሽ ነገር ስትጨምርበት «ቢ» ይሆናል፣ «ተ»ም «ቲ» ይሆናል። የላቲኑ ፊደል ግን እግር ተቀጠለለት አልተቀጠለለት ድምፁ ያው ነው።

አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ አየው ነበር። ላሜራው ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል፣ በቀይ ይጽፋል፣ ጥላውን በጥቁር ያወጣል። ለሁሉም ፊደል በግራም በቀኝም አጭር፣ ወፍራም እግር ይሰጣል። ሣልስ ላይ ሲደርስ ግን የቀኙን እግር አስረዝሞ ጫፉን ወደ ታች ዘንበል ያደርገዋል። የሐምስን ቀለበት ደግሞ መሀሉ እንዳይደፈን ሰፋ አድርጎ ይስለዋል። «ቢ» እና «ቤ» ከሩቅ ተምታተውብኝ አያውቁም።

ጎጃም እኮ የቁም ጸሐፊ አገር ነው። በመቃ ብዕር ብራና ላይ ቁመቱን አወፍሮ አግድሙን ማቅጠን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ወፍራም የግዕዝ ፎንት የለም አልልም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም አለው፣ በነፃም ይወርዳል፣ ማተሚያ ቤቶች ቢያንስ እሱን ይጫኑ። ግን የታፔላ ጠባይ የለውም። እኔ የምፈልገው ያንን ሰውዬ የመሰለ ነው፤ ጌጡን ሳይተው ድምፁን የማያጠፋ።

ፎንት የምትሠሩ ልጆች ይህን ካነበባችሁ፣ የድሮዎቹ ላሜራዎች ዝገት ሳይጨርሳቸው እባካችሁ ድረሱ። እዚህ ከተማ ውስጥ እስካሁን 11 ታፔላ ፎቶ አንስቻለሁ። ጋዜጣችሁ ቦታ ከሰጠኝ ነገውኑ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ