«የዚህ ወር ይቆይ» ያልሽኝ ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባ ደብዳቤ ሲያስጽፈን ይህችን ዐረፍተ ነገር ሳናስገባ ወረቀቱን እንድናጥፍ አይፈቅድልንም ነበር፤ እነሆ አስገብቻታለሁ።

የምጽፍልሽን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን እታለም፣ በስልክ አንቺም እኔም ውሸታሞች ሆነናል። «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን።» «ኑሮስ?» «ተመስገን ነው።» ከዚያ በኋላ ያለው የቅቤና የጤፍ ዋጋ ነው። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ። ለእማማ አሁን አታንብቢላት። (አየሽ፣ እኔም ጀመርኩ።)

ነገሩ የሚነሣው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ከምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ አለ። ዝናብ ሲይዘኝ እዚያ እጠለላለሁ። ስኒ፣ ሹራብ፣ ባለቤቱ የሞተ ጫማ፣ መጽሐፍ። አንዱን እንዲያው አንስቼ የመጀመሪያውን ገጽ ብገልጥ፣ ተራኪዋ ሠላሳ አንድ ዓመቷ እንደሆነና ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ በተንከባካቢነት እንደሠራች ትናገራለች። የእኔ ሥራ! ሽማግሌ የሚያጥብ፣ አሮጊት የሚያጎርስ፣ ሌሊት አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። አንድ ፓውንድ ከፍዬ ወሰድኩት።

ርዕሱ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ይላል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ገና ከሽፋኑ ላይ ተሰናከልኩ፤ እንግሊዝኛው የሚለመነው ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፣ የእኛ ቋንቋ ግን «አትልቀቀኝ» ወይም «አትልቀቂኝ» ካላለ አፉን አይከፍትም። ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 ናጋሳኪ ተወልዶ፣ በ1960 አባቱ ለሥራ ሲመጣ በአምስት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የገባ ሰው ነው። ወላጆቹ ዛሬ ነገ እንመለሳለን እያሉ እዚሁ ቀሩ። ይህን ሳነብ ምን እንዳሰብኩ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። የልቦለድ አጻጻፍ የተማረውም እዚሁ እኔ ያለሁበት ኖሪች ባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። መጽሐፉ በ2005 ወጣ፤ እሱም በ2017 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው።

ታሪኩ የሦስት አብሮ አደጎች ነው፤ የካቲ፣ የሩትና የቶሚ። ሄልሸም በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ያድጋሉ። ይሥላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ወላጅ የላቸውም፣ የሚጠይቃቸው ዘመድ የለም። ለምን እንደሆነ ቀስ እያለ ነው የሚገባሽ፤ ከሌላ ሰው ተቀድተው የተሠሩ ልጆች ናቸው። ሲያድጉ ከሰውነታቸው አንድ በአንድ እየተወሰደ ለታመመ ሰው ይሰጣል። ሦስት ጊዜ የሰጠ አለ፣ አራተኛው ላይ የደረሰ አለ። መሞት አይባልም፤ «አጠናቀቀ» ነው የሚባለው፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሄደ ሰው። የራሳቸው ተራ እስኪደርስ ደግሞ የቀደሟቸውን እያስታመሙ ይቆያሉ፤ ካቲም በስተመጨረሻ የምታስታምመው ሩትንና ቶሚን ነው። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ ብሎ የመረቃቸው የለም፣ ስለዚህ አንዱ የሌላው ጧሪ ሆነ።

አሁን አትቆጪ፣ ሩት አንቺ ነሽ። ሩት በልጅነቷ የሌለ ፈረስ አላት፤ ካቲን ፈቅዳ «ታስጋልባታለች»። ከመምህራቸው ጋር የተያያዘ ምስጢር አለኝ ትልና ማን እንደሚገባበት፣ ማን እንደሚወጣ እሷ ትወስናለች። አንቺ ደግሞ ጦሳ ተራራ ላይ የራስሽ ዋሻ ነበረሽ። እፍኝ ቆሎ እያስከፈልሽ ስለ ዋሻው ትነግሪን ነበር። እኔ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ሦስተኛችን ግን ቆሎውን ከሰጠችሽ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዋሻ የላትም፣ ግን ስትናገር ደስ ትላለች» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰውን ሳታዋርድ ውሸቱን ማወቅ የምትችል ልጅ ነበረች። ስሟን እዚህ መጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ሦስተኛችን እላታለሁ፤ አንቺ ይገባሻል።

ከትናንት ወዲያ ማታ ለሁለተኛ ጊዜ ስጨርሰው፣ ከባድ የሆነብኝ የልጆቹ ሞት አልነበረም። ሌላ ነገር ነው፤ ልንገርሽ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። ሦስተኛችን ኩላሊቷ ደክሞ ከደሴ አዲስ አበባ እየተመላለሰች፣ በኋላም እዚያው ቤት ተከራይታ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሟን ስትታጠብ፣ እኔ እዚህ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከየትም ይምጣ፣ የማንም ይሁን፣ አንድ ኩላሊት ይገኝላት። የማንም ይሁን! እንዲህ ብዬ ጸልያለሁ፣ ሻማ አብርቼ። ከዚያ ይህን መጽሐፍ ሳነብ፣ ያ «ማንም» ስም ያለው ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ሥዕል የሚሥል፣ ሲናደድ ጭቃ ላይ የሚንፈራገጥ ቶሚ ሆነ።

መጨረሻው አካባቢ ካቲና ቶሚ የቀድሞ የትምህርት ቤታቸውን ኃላፊ፣ ሚስ ኤምሊን፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ያገኟታል። እውነተኛ ፍቅር እንዳላቸው ያስመሰከሩ ጥንዶች ጥቂት ዓመት ይጨመርላቸዋል የሚል ወሬ ሰምተው ነው የሄዱት። ቶሚ ሥዕሎቹን በቦርሳ ይዟል፤ ነፍስ እንዳለው ማስረጃ እንዲሆኑት። ወሬው ከመሠረቱ ውሸት ነበር። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በትዕግሥት ታስረዳቸዋለች። ሰዎች የእናንተን ነገር ማሰብ አይፈልጉም ነበር፤ የሚፈልጉት ልጃቸው፣ ባላቸው፣ ወላጃቸው፣ ጓደኛቸው እንዳይሞትባቸው ነው ትላለች። «ጓደኛቸው» የሚለው ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ካቲን እየተከተልኩ ሁለት መቶ ገጽ አልፌ፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ የተገኘሁት ከእነሱ ወገን አልነበረም።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ በ2010 የተሠራውን ፊልም አይታለች፤ ስለ መጽሐፉ ስነግራት ተናደደች። «ለምን አይሸሹም? መኪና ይነዳሉ፣ አጥር የለባቸውም፣ የሚጠብቃቸው ወታደር የለም» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ይመስለኛል። እኔ ግን ሳነብ አንድም ጊዜ ጥያቄው አልመጣብኝም። እናታችን «ከተጻፈልሽ አታልፊም» እያለች ስላሳደገችን ነው? መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አይደለም። በዕድል ማመን ሌላ ነው፤ እማማ በዕድል እያመነች ለአባባ ያልዞረችበት ጠበል፣ ያልጠየቀችው ሐኪም አልነበረም።

መልሱ ያለው ሚስ ሉሲ የምትባለው መምህር ዘንድ ነው። ልጆቹ ተነግሯቸዋልም፣ አልተነገራቸውምም ትላለች። ቶሚ በኋላ እንደሚገምተው፣ እያንዳንዱን ነገር ሊገባቸው ከሚችልበት ዕድሜ ትንሽ ቀደም ተደርጎ፣ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ፣ እንደ ዋዛ ይጣልላቸዋል። ስለዚህ ምንም ሲሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም፤ ሁልጊዜ ድሮ የሚያውቁት ይመስላቸዋል። የማታውቂውን ልትሸሺ ትችያለሽ። ድሮ የምታውቂውን ወዴት ትሸሺዋለሽ?

ይህ የእኛ መርዶ አይደለም ወይ፣ እታለም?

ሦስተኛችን በጥር ዐረፈች። እኔ የሰማሁት በሰኔ ነው። በዚያ መካከል በየሳምንቱ እሑድ እየደወልኩ «እንዴት ናት?» እልሽ ነበር። «ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟታል።» «ስልኳ እምቢ አለኝ።» «ኔትወርክ ነው።» የየካቲቱን ገንዘብ ልልክ ስልሽ «የዚህ ወር ይቆይ» አልሽኝ። የእጥበት ገንዘብ ይቆያል? በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሟ የሚታጠብላት ሰው አንድ ወር ይቆያል? ይህን የማይረዳ ሰው የለም። እኔ ግን ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? «እሺ» አልኩሽ። ከዚያ ቅቤ ስንት ገባ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አንቺም ነገርሽኝ። እያንዳንዷ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች።

በሰኔ አንድ እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከለንደን የመጡ ሁለት የአገራችን ሴቶች ናቸው፤ ሌሊት ተነሥተው ነድተው መጥተዋል። ከካፖርታቸው ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱ ከአንገታቸው ብቅ ብሏል። አንደኛዋ በፌስታል ዳቦ ይዛለች። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «መቼ ነው?» አልኳቸው። «ማን ነው?» አላልኩም። ሁለቱ ተያዩ። ለማልቀስ ተዘጋጅተው የመጡት እነሱ ነበሩ፣ እኔ ቡና ላፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ጀበናውን እሳት ላይ ጥጄ ውሃ አለመጨመሬን ያወቅሁት ሲሸተኝ ነው።

እና ማነው የደበቀው? አንቺ አምስት ወር ደበቅሽኝ፣ እኔም አምስት ወር እንድትደብቂኝ ረዳሁሽ። ለብቻዋ በሰው አገር እንዳትሰማው፣ ፈረቃ ላይ እንዳለች እንዳትወድቅ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺን እንደምታሳዝኚኝም ዕወቂ፤ ጥር ላይ ቀብረሽ መጥተሽ እሑድ ማታ በሳቅ ድምፅ ስልክ ማንሣት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተዝካሯ ወጥቶ አርባዋ ካለፈ በኋላም እኔ «ሰላም በይልኝ» እል ነበር። ይህን ይቅር ለማለት ገና መንገድ ላይ ነኝ፤ ግማሹን ብያለሁ።

ሩት ከመሞቷ በፊት እንዲህ ታደርጋለች። ሦስቱም በመኪና ሄደው ረግረግ ላይ የቀረች አሮጌ ጀልባ ያያሉ፤ ሲመለሱ መንገድ ዳር መኪናዋን ያስቆሙና ሩት «እናንተን ያለያየኋችሁ እኔ ነኝ» ብላ ትናገራለች። ማንም ሳያስገድዳት። ካቲ በዚያች ሰዓት አታቅፋትም፤ ታለቅሳለች እንጂ። በኋላ ግን የምታስታምማት እሷው ናት። አንቺም ስትደርሺበት ተናገሪ፤ አላጣድፍሽም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ መምህራቸው የእንግሊዝን አውራጃዎች በሥዕል ስታሳያቸው የኖርፎክ ሥዕል የላትም ነበር። ስለዚህ ልጆቹ በአገሩ ሁሉ የጠፋ ዕቃ የሚጠራቀመው ኖርፎክ ነው ብለው ይቀልዳሉ። ካቲ የምትወደው የሙዚቃ ካሴት ጠፍቶባት፣ ካደገች በኋላ ከቶሚ ጋር ኖርፎክ ውስጥ ክሮመር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ካገለገለ ዕቃ መሸጫ መሰሉን ያገኙታል። ኖሪች የኖርፎክ ዋና ከተማ ናት እኮ። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት የጠፋ ዕቃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው ማለት ነው። ባለፈው ዕረፍት ቀኔ ክሮመር ሄድኩ። ባሕሩ ግራጫ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ወለሉ በእንጨት የተነጠፈ ረጅም መሄጃ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ሰዎች ጫፉ ላይ ቆመው በገመድ ሸርጣን ያጠምዳሉ። ከዚያ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጯ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ነው እጆቼን ያየኋቸው፤ ከተሰቀሉት ልብሶች አረንጓዴ አረንጓዴውን እየለዩ ነበር። እናቷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የሠራችላት ሹራብ ትዝ ይልሻል? እጅጌው የረዘመው፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በር ላይ በጠዋት ብርድ ቡጢዋን ውስጡ ደብቃ የምትጠብቀን? አንዱን አወረድኩት። እጅጌው ልክ ነበር። መልሼ ሰቀልኩት።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ለእማማ በየዓመቱ ለፋሲካ እመጣለሁ እላታለሁ። አንድም ጊዜ የቲኬት ዋጋ ጠይቄ አላውቅም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ከወጣሁ መመለሴን እርግጠኛ አይደለሁም። ዘንድሮም አልመጣም። ይህን ንገሪያት፤ በማለዳ ሳይሆን ቡና ላይ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ሁለታችሁ ብቻ።

አንቺ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ «ደህና ናት» አትበዪኝ። የእማማ የጠዋት ስኳር ስንት እንደሆነ በቁጥር ንገሪኝ። እግሯ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል ወይስ አልደረቀም? ለሦስተኛችን ሙት ዓመት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ለእናቷ ስጪልኝ፣ ከእኔ እንደሆነም ንገሪያት።

ናፋቂ እህትሽ፣
ኖሪች