በእንቁጣጣሽ ማታ ጨዋታ አለ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ባለቤትህና ሕፃኗስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከኀፍረቱ በስተቀር።

እሱን ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ። ያን የጥቅምት ዕለት፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከቺካጎ ጋር ሲጫወት፣ «አየህ?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አንዲት ቃል። መኪና እየነዳሁ ስለነበር ማታ እመልሳለሁ አልኩ። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ነገ አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ «አሁንማ በአጭሩ መመለስ ነውር ነው፣ ደውዬ በደንብ አወራዋለሁ» አልኩ። ወር ሲሞላው በየት አፌ ልደውል? እንዲህ እንዲህ እያለ አስር ወር አለፈ። የልጅህን ክርስትና በፌስቡክ ፎቶ ነው ያየሁት። ዘግይቼም ቢሆን ባለቤትህን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በልልኝ።

መልሱ ይኸው። አላየሁትም፤ ሰማሁት። ላንዶቨር፣ ስታዲየማችን አጠገብ ሰው ልጭን ቆሜ ነበር። ሬዲዮ ከፍቻለሁ። ቺካጎ 15 ለ 12 እየመራን ሁለት ሴኮንድ ቀርቷል። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ መውጣት ጀምሯል። አንድ አባትና ልጁ ኋላ ወንበር ገብተው ቀበቷቸውን አስረዋል። ኳስ ወርዋሪው፣ ኳርተርባካችን ጄደን ዳንኤልስ፣ ወረወራት። ሬዲዮው ጩኸት ብቻ ሆነ። ኳሷ የሰው እጅ ነክታ ወደ ኋላ ተሻገረች፤ እዚያ የእኛው ኖኣ ብራውን ብቻውን ቆሟል። 18 ለ 15! ልጁ በሩን በርግዶ ወደ ስታዲየሙ መሮጥ ጀመረ። አባትየውም «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ተከተለው። እኔ ብቻዬን መሪውን እየደበደብኩ ስጮህ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ። የጉዞውን ሒሳብ አላገኘሁም። አልቆጨኝም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰምተሃል መቼም። 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን። በፊት በነበረው ዓመት እኮ ያሸነፍነው 4 ብቻ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ፣ አለበለዚያ እንጠፋፋለን።) በጥሎ ማለፉ ታምፓን ብረቱን ነክታ በገባች ምት አሸነፍን። የከተራ ዕለት ማታ ደግሞ ዲትሮይትን በገዛ ሜዳው 45 ለ 31። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ያየሁት። በሳምንቱ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጠቀጠንና ሸኘን። ይሁን። እዚያ ደረጃ፣ ለፍጻሜው አንድ ጨዋታ እስኪቀረን፣ ከደረስን 33 ዓመት ሆኖን ነበር።

አሁን የጻፍኩልህ ግን ስላለፈው አይደለም። ከጥር ወዲህ የቡድናችንን ቤት እንዴት እንዳገላበጡት ልነግርህ ነው። እሁድ ወቅቱ ይጀመራል፤ ይህን የሚሰማኝ ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም። እዚህ ያሉት ልጆች ስለ አርሴናል ካልሆነ አያወሩኝም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። ጥር 2013፣ የገና ዋዜማ። ያቺ ምድር ቤታችን። ዶሮው ምድጃ ላይ ነው፤ ጾሙ እስኪፈታ እያሸተትን እንጠብቃለን። ሲያትል መጥቶብናል። የያኔው ኳርተርባካችን ሮበርት ግሪፊን ጉልበቱን አስሮ እያነከሰ ይጫወታል። አንተ «ይሄን ልጅ አስወጡት እንጂ!» እያልክ ትጮሃለህ። አራተኛው ሩብ ላይ መሬት የወደቀች ኳስ ላነሳ ሲል ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ከዳው። አንተ ምንም አልተናገርክም። ቴሌቪዥኑን አጥፍተህ ሄደህ ወጥ ማማሰል ጀመርክ። ያን ወጥ ምን ያህል እንዳማሰልከው እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን እነዚህን ሁለት ልጆች አስተያያቸው። ግሪፊን የኮሌጁን ኮከብ ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ የወሰደ፣ ቡድኖች አዲስ ልጆች በሚመርጡበት ድራፍት 2ኛ የተመረጠ፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ። ዳንኤልስም ሃይስማን፣ 2ኛ፣ ምርጥ ጀማሪ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ 815 ያርድ ሮጠ። ዳንኤልስ 891። ሁለቱም ቀጫጭን፣ ሁለቱም ሯጭ። ሰዉ ሲጨፍር እኔ ሆዴ የሚባባው ለዚህ ነው። ይሄን ፊልም አይተነዋል።

ስለዚህ ከዘንድሮው ዝውውር ሁሉ ልቤን ያሳረፈው ላሬሚ ተንሲል ነው። ከሂውስተን አመጡት፤ የግራ ታክል። የኳርተርባኩን የማያየውን ጎን የሚጠብቀው እሱ ነው። አምስት ጊዜ ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦል፣ የተመረጠ ሰው። ዋጋው ቀላል አይደለም፦ የዘንድሮ ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር፣ የሚመጣው ዓመት ሁለተኛና አራተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ሄደ፤ ከሂውስተን ደግሞ አንድ የአራተኛ ዙር መጣ። ዕድሜው 31 ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ኳሷ ሳትነሳ ቀድሞ ይነሳል። በዚህ ቅጣት ያሳብደናል፣ ተዘጋጅ። ቢሆንም አምስት ያርድ ተቀጥቼ ልጁ ቆሞ ቢውል ይሻለኛል።

በእሱ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር፣ በ29ኛው ምርጫ፣ ሌላ ታክል ወሰዱ። ጆሽ ኮነርሊ የኦሪገን ልጅ ነው። ኮሌጅ በግራ ነበር የሚጫወተው፤ እዚህ ወደ ቀኝ አዛውረውታል። አምና የግራ ታክል የነበረው ብራንደን ኮልማን ወደ ውስጥ፣ ጋርድ ላይ ገብቷል። መስመሩ ግማሹ አዲስ ነው ማለት ነው። አብረው እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ጊዜ ደግሞ የለም። እሁድ የሚመጣው የኒው ዮርኩ ጃያንትስ ነው። ብራያን በርንስ፣ ዴክስተር ሎውረንስ፣ ያ አዲሱ አብዱል ካርተር። ኳርተርባክ የሚያሳድድ ሰው ከፈለግህ ከፊት አላቸው።

ለምን እንዲህ እንደቸኮሉ ታውቅ የለ? ነገሩ ብር ነው። ዘንድሮ ለአንድ ቡድን የተፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን ይበላል። የእኛ ልጅ ጀማሪ ስለሆነ ለአራት ዓመት ተደምሮ 38 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዳም ፒተርስ ይሄን ርካሽ ጊዜ ሳያልፍ ልጠቀምበት ብሎ ነው የድራፍት ምርጫ እንደ ቆሎ የሚበትነው። ዘንድሮ የመረጡት አምስት ልጅ ብቻ ነው። አምስት!

ኳስ ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤልም መጥቷል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ በአንዲት የአምስተኛ ዙር ምርጫ። በ2021 እየተቀበለም እየሮጠም ሊጉን ያተራመሰው ዲቦ። ያ ዲቦ አሁን የለም የሚሉ አሉ። ግማሹም ቢገኝ እሰየው ነው። ለተከላካዩ መስመር መሃል ያመጡት ጃቮን ኪንሎው ግን አልገባኝም። ሦስት ዓመት፣ 45 ሚሊዮን። እሱም መጀመሪያ በድራፍት የገባው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፣ ፒተርስ እዚያ እያለ። ሰውየው የድሮ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ ነው እንዴ?

በዚህ ቦታ ላይ ደግሞ የሸኙት ጆናታን አለንን ነው። ስምንት ዓመት የታገለልን። የአሽበርን ልጅ እኮ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማረው ቡድኑ ልምምድ ከሚሠራበት ከተማ ነው። ያን ሁሉ የመከራ ዘመን ቆመና ቤቱ ሲሞቅ ውጣ አሉት። ሚኒሶታ ሄደ። ሒሳቡ ይገባኛል፤ ደመወዙ ከብዷል፣ አምናም ደረቱ ላይ ተጎድቶ ብዙ ጨዋታ አምልጦታል። ግን ከፋኝ።

የባሰው ኳስ ይዞ ሯጩ ብራያን ሮቢንሰን ነው። በ2022፣ አንተ በሄድክ ሰሞን፣ እዚህ ዋሽንግተን፣ ኤች ስትሪት ላይ፣ ሁለት ጥይት የተተኮሰበት ልጅ። በስድስት ሳምንቱ ሜዳ ተመለሰ። ያን መንገድ በቀን አስር ጊዜ ስለምነዳበት ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ከባለፈው ሳምንት በፊት በአንድ የስድስተኛ ዙር ምርጫ ሸጡት። እሱም ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ቦታውን የሚወርሰው በሰባተኛው ዙር፣ 245ኛ የተመረጠ ልጅ ይመስለኛል፤ ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት። ስሙ ስለረዘመ ሁሉም «ቢል» ነው የሚለው። አምና ኮሌጅ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። በልምምድ ጨዋታዎቹ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ቁጡ ነው፤ አይለማመጥም። ወደድኩት፣ አልደብቅህም፣ የሮቢንሰን ነገር እያንገበገበኝም ቢሆን።

የቴሪን ጉድ ሰምተሃል? ክረምቱን ሙሉ አሳመሙን። ቴሪ ማክሎሪን ያ ኳርተርባክ እንደ ሸሚዝ ሲቀያየርበት ዝም ብሎ አምስት ዓመት በተከታታይ ከ1,000 ያርድ በላይ የተቀበለ ሰው ነው። አምና 13 ታችዳውን አስቆጠረ። አዲስ ውል ሲጠይቅ «30 ዓመት ሊሞላህ ነው» አሉት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በቃኝ፣ ሽጡኝ አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። አንዷ ሴትዮ ከቤተስዳ እስከ ኤርፖርት ስለ ቴሪ ስትሟገተኝ ስልኳን መኪናው ውስጥ ረስታ ወረደች። ባለፈው ሳምንት ታረቁ። ሦስት ዓመት፣ እስከ 96 ሚሊዮን። ልምምድ ስላመለጠው የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ከሱ ብዙ አትጠብቅ።

ተከላካዩን አሳጥሬ ልለፈው፣ ደስ አይልም። አምና ኳርተርባክ እየጣለ 10.5 ሳክ ያደረገው ዳንቴ ፋውለር ወደ ዳላስ ተመለሰ። በምትኩ ቮን ሚለርን አመጡ። 36 ዓመቱ ነው። ቦቢ ዋግነር 35። ከአጥቂዎቹ ዛክ ኧርትዝ 34። ቡድኑ የዕድር ስብሰባ መስሏል። ዋግነርን ግን አልነካውም፤ አሁንም ሰው ሲይዝ አይስትም። የምፈራው ታኅሣሥ ሲደርስ ጉልበታቸውን ነው።

እንግዲህ ግምትህ ስንት ነው ብትለኝ፣ 10 አሸንፈን 7 እንሸነፋለን። አምና በመጨረሻዋ ደቂቃ ያሸነፍናቸው ጨዋታዎች ዘንድሮ ግማሾቹ ይዞሩብናል። ዳንኤልስ ጤነኛ ከሆነ ጥሎ ማለፉ ውስጥ እንገባለን። ካልሆነ ወጡን እናማስላለን።

ሌላ ወሬ፦ ዋሽንግተን ያለው አሮጌው ስታዲየም፣ አርኤፍኬ፣ ፈርሶ እዚያው ቦታ አዲስ ስታዲየም ሊሠሩ ነው። በ2030 ይከፈታል ይላሉ። የከተማው ምክር ቤት አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፣ ሁለተኛው ይቀራል። ለኛ ለሾፌሮች ከላንዶቨር መከራ ይገላግለናል። ያኔ አንተም መጥተህ ታየዋለህ።

10 ቁጥር ማልያህ እኔ ጋ ናት። ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅላለች። ሰው ሲመጣ እልካታለሁ ብዬ ሦስት ሰው ሄዷል።

በል እንግዲህ ዋናው ቀጠሮ ይኸውልህ። የመስከረም 1 ዕለት፣ ሐሙስ፣ ግሪን ቤይ ሄደን እንጫወታለን። ኳርተርባክ አሳዳጁን ማይካ ፓርሰንስን ዳላስ ባለፈው ሳምንት ለግሪን ቤይ እንደሸጠው ሰምተሃል አይደል? አራት ዓመት፣ 188 ሚሊዮን። ዓመት ሁለቴ ከዳላስ ጋር ስንጋጠም አያለሁ ያልኩትን ሰውዬ በእንቁጣጣሽ ማታ ከተንሲል ጋር ፊት ለፊት ሊያገናኙልኝ ነው። እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 8:15 ነው የሚጀመረው፤ እናንተ ጋ በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ። በዚያ ሰዓት መቼም ሕፃኗ ታስነሳህ የለ? በቪዲዮ እደውላለሁ። ማውራት ካልፈለግህ አታውራ። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመዋለሁ። የግራውን 78 ቁጥር፣ ተንሲልን፣ ብቻ ተመልከት።

እንኳን አደረሳችሁ።

የምድር ቤቱ ደባልህ