ሐውልቱ የማነው ላልከኝ

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ደብዳቤውን እቴቴ ታንብብልህ፤ መነጽር ፍለጋ ቤቱን እንዳታተራምስ።

በላክሁልህ ፎቶ ላይ "ከኋላህ ያለው ሐውልት የማነው?" ብለህ ነበር። "የኳስ ተጫዋች" ብዬህ ስልኩን ዘጋሁት። ሥራ ረፍዶብኝ ነው።

ቢሊ ቦስተን ይባላል። ኳሱ ግን የእኛ ኳስ አይደለም፤ ራግቢ ሊግ ነው። ኳሷ ፓፓያ ነው የምትመስለው። በእጅህ ይዘህ ትሮጣለህ፣ በእጅ የምታቀብለው ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ አሥራ ሦስት ጎረምሳ ሊጥልህ ይመጣል። መስመሩን አልፈህ መሬት ካስነካሃት "ትራይ" ነው። ቢሊ እኔ ላለሁባት የእንግሊዝ ከተማ ቡድን፣ ለዊጋን ብቻ 478 ትራይ አግብቷል። አንተ ስለ መንግሥቱ ወርቁ ስታወራ ድምፅህ እንደሚለወጠው፣ የዚህ ከተማ ሽማግሌዎችም ስለ እሱ ሲያወሩ እንደዚያው ናቸው።

ግን የዊጋን ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 የዌልስ ከተማ ካርዲፍ፣ ታይገር ቤይ የሚባል የመርከበኞች ሰፈር ነው የተወለደው። አባቱ የሴራሊዮን መርከበኛ ነበሩ። ሕልሙ ለካርዲፍ መጫወት ነበር፤ ካርዲፍ አልጠራውም። ያኔ ራግቢ ሁለት ነው፤ ገንዘብ የሌለው፣ የካርዲፉ፣ እና የሚከፈልበት፣ የዊጋኑ። አንዴ ከተከፈለህ ወደ መጀመሪያው መመለስ የለም።

በ1953 የዊጋን ሰዎች ቤቱ ድረስ መጡ። የብር ኖቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት ይባላል። እናቱ ተስፋ ቆርጠው እንዲሄዱላት "3,000 ፓውንድ ካመጣችሁ ይፈርማል" አለች። እነሱ እሺ አሉ! ልጁ 18 ዓመቱ ነበር።

በዓመቱ፣ ገና ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ ከብሪታንያ ቡድን ጋር አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዶ 36 ትራይ አገባ። በ1957 ደግሞ ቡድኑ ከዓለም ዋንጫ ሲመለስ ደቡብ አፍሪካ ጎራ ብሎ ሊጫወት ሆነ። አፓርታይድ ነዋ፤ ጥቁር ከነጭ ጋር አይጫወትም። ጓደኞቹ እዚያ ሲጫወቱ እሱ ለብቻው ወደ ቤት ተመለሰ። ይህን ስሰማ እኔ ነኝ የተናደድኩት።

ኳስ ካቆመ በኋላም ካርዲፍ አልተመለሰም፤ እዚሁ ዊጋን መጠጥ ቤት ከፈተ። ያልጠራው ካርዲፍ በ2023 ሐውልት አቆመለት። በ2025፣ በ90 ዓመቱ፣ "ሰር" ተባለ። ከራግቢ ሊግ ተጫዋች እሱ የመጀመሪያው ነው።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ጠረጴዛ ነው። እነሱ ቤት ልጁን ለመውሰድ ገንዘብ ገባ፤ እኛ ቤት እኔን ለመሸኘት ገንዘብ ወጣ። ማታ ረከቦቱን ገፋ አድርገህ፣ በሬው የተሸጠበትን ብር ስትቆጥር አይቼሃለሁ። ሦስት ጊዜ ቆጠርከው። በመጀመሪያው ልክ መሆኑን አውቀህ ነበር።

አባዬ፣ እንዲጎድል ፈልገህ ነበር እንዴ?