ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ኩራዙ ቤት ውስጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጡረታ እስክገለል ድረስ በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤቶች ረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ። ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ ትውልድ መንደሬ ሄጄ ያየሁት ነገር ግን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ግድ ብሎኛል። በብዙ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ የሶላር ፓኔል ይታያል፤ ሲመሽ ከእነዚያው ቤቶች በብዙዎቹ የሚበራው ኩራዝ ነው። ያረፍኩበት የወንድሜ ቤትም እንዲሁ ነው። ወንድሜ ሶላሩን የገዛው ሁለት በግ ሸጦ ነበር፤ በሁለተኛው ክረምት ባትሪው ሞተ። ተሸክሞ ወደ ገዛበት ከተማ ቢወስደው ሻጩ «ይህ ዓይነት አሁን አይመጣም» ብሎ መለሰው። የወንድሜ ልጅ ዛሬም የሚያጠናው በነጭ ጋዝ ጢስ ውስጥ ነው።

ፓኔሉ አልተበላሸም። በደህና ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። በተለይ ርካሹ የእርሳስ ባትሪ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጠቁር በሚገባ ሳይሞላ በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ዕድሜው በእጅጉ ያጥራል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይህን የተሻለ ይችላል፤ ሲገዙት ግን ይወደዳል። ስለዚህ ለገበሬው «ተመጣጣኝ ዋጋ» ማለት በገበያ ቀን የሚጠየቀው ብር ብቻ ሳይሆን ዕቃው ስንት ክረምት እንደሚያልፍና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ጭምር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ፣ ከዚህም 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጪ በሆነ ኃይል ለመሸፈን አቅዶ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል። ሆኖም በገደልና በሸለቆ ተበታትነው ለሚኖሩ እንደ ወንድሜ ላሉ ቤተሰቦች ምሰሶና ሽቦ በቅርብ ይደርሳል ብዬ አላምንም፤ ለእነርሱ ፀሐይ ዋናው አማራጭ ሆና ትቆያለች።

ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሶላር የተከሉት ሶላሩን በብድር የሚሸጡት ድርጅቶች ራሳቸው ተካይና ጠጋኝ ስለነበሩ ጭምር ነው። ዕቃው ከቆመ ክፍያውም ይቆማልና አበዳሪው ባለሙያውን ወደ መንደሩ መላኩ ለራሱም ይጠቅመዋል። በኬንያ ደግሞ ሰዎች በሞባይል ገንዘብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ባለቤት ይሆናሉ። ቴሌብር ባለበት አገር ይህ ለእኛም አይከብድም፤ ነገር ግን የገበሬው ገንዘብ በየቀኑም በየወሩም አይገባም። እህሉ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሐምሌ ላይ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወር፣ ክፍያ መጠየቅ ሰውየውን በግድ ባለዕዳ ማድረግ ነው።

የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎችና ለአነስተኛ የብድር ተቋማት ሲያበድር እንደቆየ ይታወቃል። ባንኩና የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ከእንግዲህ ለሚሰጠው ብድር ሁለት ግዴታዎች እንዲያስቀምጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ አስመጪው በሚሸጥባቸው ወረዳዎች መለዋወጫ ባትሪና የሠለጠነ ጠጋኝ እንዲያኖር፣ የገበሬው ክፍያም ከመኸር በኋላ እንዲሆን። ጠጋኞቹን የወረዳ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሊያሠለጥኑ ይችላሉ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ የቀድሞ ተማሪዎቼ በየቀበሌው አሉ። የወንድሜን ቤት ጨምሮ በዚያ መንደር ጣሪያ ላይ ያሉት ፓኔሎች ደግሞ ሌላ ፓኔል አያስፈልጋቸውም፤ የሚጎድላቸው ባትሪና ባትሪውን የሚያገናኝ ሰው ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ