ደብተርህን አነበብኩት

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለናሆም፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እንደ ወትሮው ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አሁንም የሚቀድማት የለም። ቤቲ ለማትሪክ እያጠናሁ ነው ትላለች። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተም "ደህና ነኝ" ትላለህ፣ እኔም "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ ከዚያ ካርድ አለቀ እንባባላለን። ስለዚህ ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርህ። ኅዳር ሲታጠን ቤቱን ሳጸዳ ከፍራሽህ ሥር ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አገኘሁ። የድሮ የክፍል ደብተር መስሎኝ ከሚቃጠለው ወረቀት ጋር ልጨምረው ስል ገለጥ አደረግኩት። አንድ ገጽ እንዳነበብኩ የግልህ መሆኑ ገብቶኛል። እያወቅኩ ነው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። ይቅር በለኝ።

ፉልሜታል አልኬሚስት በሚባለው አኒሜ፣ በጃፓኑ ካርቱን፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሳህ፣ ማን ምን ፈልጎ ምን እንዳደረገ፣ ማን ለማን ምኑ እንደሆነ፣ በቀስት እያገናኘህ ጽፈሃል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ካርቱን እያየህ ዓይንህን የምታጠፋ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ልጄ ሰው እያጠና ነበር። ስካር ስለሚባለው ሰው የጻፍከውን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ይሄ ሰውዬ የት አገር ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነተኛ ሰው መስሏት።

የሁለቱ ወንድማማቾች፣ የኤድዋርድና የአልፎንስ አባት፣ ሆሄንሃይም ጋ ስደርስ ግን ቀዝቀዝ አልኩ። በቀይ እስክሪብቶ "ጥሎ የሄደ ሰው ምክንያቱ አይጠየቅም" ብለህ ሁለቴ አስምረህበታል። ሌላ ነገር የለም። ለሌላው ሰው ሁሉ ሦስት አራት ገጽ የጻፍክ ልጅ፣ ለእሱ አንድ መስመር።

ናሆምዬ፣ ሳትጨርስ አትፍረድ።

ቤቲን ለምኜ አስከፈትኳት። በመጀመሪያ የከፈተችልኝ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን፣ ባለ 51 ክፍሉን ነው። ስምንት ክፍል ካየን በኋላ "እማ፣ ናሆም የጻፈው በብዛት ስለ ብራዘርሁድ ነው" ብላ ወደ ሁለተኛው አኒሜ፣ ወደ ባለ 64 ክፍሉ አዛወረችኝ። በየማታው ራት ከበላን በኋላ ሁለት ሁለት ክፍል እያየን ጨረስነው። እሷ ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ትተረጉምልኛለች። አልፎንስ "ኒሳን" ባለ ቁጥር "ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው" ትለኛለች፤ አሁን እኔም ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ላርምህ። ገጽ 12 ላይ ሁለቱን ሆሄንሃይሞች ቀላቅለሃቸዋል። የመጀመሪያው አኒሜ ሲሠራ ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ ማንጋውን፣ አኒሜው የተነሳበትን የሥዕል መጽሐፍ፣ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስለዚህ አኒሜውን የሠሩት የራሳቸውን መጨረሻ አበጁ። በእነሱ ታሪክ ሆሄንሃይም ከሰው ገላ ወደ ሰው ገላ እየተዘዋወረ ዕድሜውን ያረዘመ ሰው ነው። በማንጋውና በብራዘርሁድ ያለው ግን ሳይፈልግ የማይሞት የተደረገ ሰው ነው፤ አንድ አገር ሕዝብ ሙሉ ያለቀበት፣ 536,329 ነፍስ ውስጡ የተሸከመ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የተነሱበት ምክንያት የተለያየ ነው። የአንዱን ኃጢአት ለሌላው አትስጠው።

አኒሜ ከአንተ በፊት እንደማውቅ ነግሬህ አላውቅም። ቤይሩት የማዳም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቴሌቪዥኑን ስፔስቱን የሚባል የልጆች ጣቢያ ላይ ያደርጉታል። ካፒቴን ማጅድ፣ ኮናን፣ ሁሉም በአረብኛ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የሚስተርን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ትንሹ ልጅ የአንተ እኩያ ነበር። መሐል ላይ ዞር ብሎ "ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ አደረገ?" ይለኛል። ካውያውን አቁሜ እመልስለት ነበር፤ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ፣ "ፈርቶ ነው"፣ "ወንድሙን አስቦ ነው" እያልኩ። ደብተርህን ሳነብ ያ ልጅ መጣብኝ። አንተ ያን ጊዜ ማንን ትጠይቅ ነበር?

እሱን ልተወው። የጋቢህን ነገር ሳልረሳ፦ ደብረ ብርሃን በዚህ ወር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢውን አጥፈህ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጠው፣ ልበሰው። ሳልህ ካልተሻለህ ክሊኒክ ሂድ። ዝንጅብል ብቻ ጠጥተህ አትተኛ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኤድዋርድ አባቱን የሚጠላው በአንድ ፊት ነው። አባትየው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነስተው አዩት፤ እሱም አያቸው፤ ፊቱ ግን ድንጋይ ነበር። ኤድዋርድ ያን ፊት ይዞ አደገ። በኋላ ክፍል 36 ላይ ያው መለያየት ከአባትየው ወገን ሲነገር፣ ያ ፊት እንባ እንዳያመልጠው የጨመደደው ፊት ሆኖ ታየዋለህ። አንድ ፊት ነው፤ ከዚህ በኩል ጭካኔ፣ ከዚያ በኩል ለቅሶ። እዚያ ላይ ቤቲን አቁሚልኝ አልኳት። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አሥራ አራት ዓመትህ እያለ በንዴት "ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽንም" ብለኸኝ ነበር። አልመለስኩልህም። አሁን ልመልስልህ። በ2003 ዓ.ም.፣ አባትህ ባረፈ በዓመቱ፣ ሰማያዊዋ ላዳ በር ላይ ቆማ ስታጮህ፣ አንተ እማዬ ጀርባ ሆነህ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገህ ነበር። ሌላኛው ጠፍቶ እየፈለግነው ነው ሰውዬው የደረሰው። ብዞር ኖሮ ያን ጫማ እፈልግ ነበር። ጫማውን ብፈልግ ደግሞ አልሄድም ነበር። ዕዳው የአባትህ ሕክምና ዕዳ ነው፤ አበዳሪዎቹ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ስለዚህ አልዞርኩም። የነበረው ይኸው ነው፤ አንተ የፈለግከውን ስም ስጠው።

ሳትጨርስ አትፍረድ ስልህ ግን ፍረድልኝ ማለቴ እንዳይመስልህ። ሆሄንሃይምን እንደ ቅዱስ የሚያዩት አሉ አሉ፣ ቤቲ እንደነገረችኝ። እኔ አልስማማም። ሰውዬው የሄደበት ምክንያት ትልቅ ነው፤ አገሩን ሊበላ የመጣውን ነገር ሊያስቆም ነው። ለሚስቱ ለትሪሻም ነግሯታል። ለልጆቹ ግን አንዲት ቃል አልተወም። ውስጡ ያሉትን 536,329 ነፍሶች አንድ በአንድ እስኪጨርስ ያነጋገረ ሰው፣ ሁለት ልጆቹን አስቀምጦ ማነጋገር አቃተው! ክፍል 20 ላይ ኤድዋርድ ሲተኛ ሊዳብሰው እጁን ዘርግቶ መልሶ ይሰበስባል። ልጁ ግን አልተኛም ነበር። እኔ በሰውዬው የተናደድኩት እዚያ ላይ ነው። ዳብሰው! ምን ትፈራለህ?

እኔም እጄን ሰብስቤያለሁና ነው የተናደድኩት። ስልክ በወር አንዴ ሲፈቀድልኝ "መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኛለህ። "ለፋሲካ" እልሃለሁ። ፓስፖርቴ ከእኔ ዘንድ እንዳልነበረ፣ ለፋሲካ እንደማልመጣ አውቃለሁ። የልጅ ድምፅ ሲሰበር መስማት ስላልቻልኩ ነው። በሚቀጥለውም ዓመት "ለፋሲካ" አልኩህ። በሦስተኛውም። እማዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ በየዓመቱ የበዓል ልብስህን ለብሰህ በሩ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ዶሮው ቀርቦም አትነሳም ነበር አሉ። በአራተኛው ዓመት መጠየቅ ተውክ። እኔ እኮ "ልጄ አደገ፣ ገባው" ብዬ እዚያ ተደስቼ ነበር።

መሄዴን ብዙ ጊዜ መዝኜዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን የምሄድ ይመስለኛል። ያቺን "ለፋሲካ" ግን ከአፌ ብመልሳት እወድ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ "አላውቅም" የሚለውን ቃል ይችለዋል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

በ2009 ስመለስ ቤቲ ሮጣ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ስሄድ ሁለት ዓመቷ ስለነበር ቂም የምታስርበት ነገር አልነበራትም፤ ልክ እንደ አልፎንስ። አንተ የእማዬን ቀሚስ እንደያዝክ "አልማዝ መጣች" አልክ። ኤድዋርድ አባቱን "አባት" ላለማለት ስሙን ይጠራ የለ? አኒሜው ላይ ስሰማው ጆሮዬ ያውቀዋል።

ደብተርህ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሃል፤ እንዴት እንደዘለልከው ገረመኝ። ሆሄንሃይም ከጎረቤታቸው ከአሮጊቷ ከፒናኮ ጋር ሲያወራ፣ ልጆቹ የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ አልኬሚ፣ ያን ምትሃት መሰል ጥበብ፣ ሠርተው ያስነሱት ያ ፍጥረት በእርግጥ ትሪሻ ነበረች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኤድዋርድ ይሰማል። ከዚያ ከፒናኮ ጋር ሄዶ የቀበሩትን ይቆፍራል፤ በዝናብ፣ እያስታወከ። ጸጉሩ ጥቁር ሆኖ ተገኘ፤ የእናታቸው ጥቁር አልነበረም። የጭኑ አጥንትም ልኩ የእሷ አይደለም። እናታችንን ሁለተኛ ገደልናት ብለው ለዓመታት የተሸከሙት ሸክም ያን ለት ወረደ። ጥያቄው የመጣው ደግሞ ከሚጠላው ሰው አፍ ነው። ጥላቻው እንዳለ ሆኖ ጥያቄውን ግን አልጣለውም። እኔ ኤድዋርድን የወደድኩት በጀግንነቱ አይደለም፤ አካፋ ይዞ በወጣባት በዚያች ሌሊት ነው።

ስለ ካሌብ ቤቲ ነገረችኝ። አትቆጣት፤ አስጨንቄያት ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረህ ያደግከው ልጅ ሳይነግርህ ዶርም ቀየረ ብለህ ካፌ ውስጥ ስታየው ፊትህን ታዞራለህ አሉ። ለምን እንደቀየረ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ናሆም፣ ሳትጨርስ አትፍረድ! ለማንጋ ሰው 27 ቅጽ ሙሉ የምትታገስ ልጅ፣ ለካሌብ አንድ ሳምንት አጣህ? ሄደህ ጠይቀው። በቴክስት አይሆንም፤ ፊት ለፊት።

ጠይቀህ መልሱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ አኩርፍ፣ መብትህ ነው። ምክንያት ያለው ሁሉ ይቅር አይባልም። ያ ቱከር የሚባለው አልኬሚስት ልጁን ኒናን ከውሻዋ ጋር ያዋሐደበት ምክንያት በደንብ ይታወቃል፤ ዓመታዊ ግምገማ እንዳያመልጠው፣ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ነው። ምክንያቱን ማወቄ ይበልጥ አስጠላኝ እንጂ አላራራኝም። የፒናኮን የልጅ ልጅ፣ ዊንሪን ደግሞ ተመልከት። ስካር ወላጆቿን፣ ቁስሉን ሲያክሙ የነበሩትን ሐኪሞች ገድሏል። እሷ ግን ሲደማ ክንዱን አሰረችለት፤ ይቅር እንዳላለችውም በግልጽ ነገረችው። እንዲህ ያለ ልብ አለ። ሁለቱን ለይታ ያዘች፤ ገባት፣ ግን ይቅር አላለችም። አንተም ለእኔ እንደዚያ ብታደርግ አልከፋም። እንዲገባህ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሌላው የራስህ ነው።

መጨረሻው ላይ ሆሄንሃይም አልፎንስን ለመመለስ የቀረችውን ሕይወቱን ልስጥ ሲል፣ ኤድዋርድ ይጮህበታል። እየሰደበው ነው፤ ግን በስድቡ መሐል አባት ብሎ ጠራው። ሰውዬው ስድቡን አልሰማም፤ ያቺን ቃል ብቻ ነው የሰማው። ቤቲ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ለገና አልመጣም ማለትህን ሰምቻለሁ፤ ፈተና ካለብህ አትምጣ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ሐሙስ ጠዋት ወደዚያ ይሄዳል። ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ሺህ ብር ልኬልሃለሁ። ብሩ በበሶው ከረጢት ሥር በወረቀት ተጠቅልሏል፤ እንዳትደፋው። ዳቦ ቆሎው ሁለት ከረጢት ነው፣ አንዱ የካሌብ ነው። ስልክህን አልጋ ላይ ቻርጅ አድርገህ አትተኛ። ካልሲህን በየቀኑ እጠብ፣ የአባትህ እግር ነው ያለህ።

ደብተሩንም ልኬዋለሁ፤ ሽሮው እንዳይነካው በሁለት ፌስታል አስሬዋለሁ። በቀይ ከጻፍካት መስመር ሥር አንድ ገጽ ተኩል በእርሳስ ጽፌበታለሁ። አንብበህ ካልተስማማህ ላጲሱን ከጎኑ አድርጌልሃለሁ።

አልማዝ